የተላጠው አፍንጫዬ ጉዳይ

ወንድሜ ኮ ሚያ ታን፣

ለመላው የከተማችን የሞንዩዋ ሕዝብ ይታወጅ፦ አፍንጫዬ ተልጧል!

ቤታችን ሳለን ባለቤቴ ማ ኪን ከፀሐይ የሚከላከለውን የታናካ ዛፍ ቅርፊት በድንጋይ ፈጭታ የምትቀባው የእኔን ጉንጭ ብቻ ነበር። እዚህ ለመዝናናት በመጣንበት የባሕር ዳርቻ ግን ፀሐይ እንደ በርበሬ ያቀላችውን የልጅ ልጃችንን ባል፣ ያንን ፈረንጅ፣ ቁጭ አድርጋ ትቀባዋለች።

«እኔስ?» አልኳት።

«አንተማ ድሮም ጥቁር ነህ፤ ፀሐይ ምንህን ታገኘዋለች?»

ሐኪሟ የልጅ ልጃችን «ኧረ እማማ፣ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፤ ቶሎ አያስታውቅም እንጂ» ስትላት፣ አፍንጫዬን በመዳፌ ሸፍኜ አቃሰትኩ። ማ ኪንም አንዲት ጠብታ ጣል አደረገችልኝ። ለእሱ እስከ አንገቱ!

ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ፤ አንተም ያለ ባርኔጣ ማሳ አትውረድ።

አፍንጫዬ አልተላጠም፤ ፈጠራዬ ነው። ነገ ደግሞ አንገቴ ይላጣል።