ስልሳ አራት ተኩል

ነሐሴ 5
ላሊበላ። ዝናብ ብቻ። ፀሐይ ትንሽ ብቅ ስትል አጎቴ ቄስ አረጋ የዕቃ ቤቱን ልብሰ ተክህኖ አውጥተው ገመድ ላይ ሰቀሉት። ናፍታሊን ሸተተኝ፤ ብል እንዳይበላው ሣጥን ውስጥ የሚጨምሩት ነጭ ኳስ። ሳቄ መጣ። ሦስት ዓመት የደከምኩበት!
«ምኑ ያስቅሻል?»
«አባ፣ ዩኒቨርሲቲ እሱን ነው የምደበድበው።»
«ምን አደረገሽ?»

ነሐሴ 6
ማታ አስረዳኋቸው። አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከመ አቶም፣ በፍጥነት እንተኩስበታለን። አንዳንዱ ሞለኪውል ይሰባበራል። አንዳንዱ ኤሌክትሮን ብቻ ይጠፋበትና ሙሉውን ይተርፋል።
«እኔም በቅሎ ረግጣኝ ሁለት ጥርስ ጠፍቶብኛል» አሉ አባ። «ተሰበርኩ?»
ከሳቸው ጋር ማን ይከራከራል!

ነሐሴ 8
አማካሪዬ ዶክተር ከፋለ ደወሉ። የምርምር ጽሑፋችንን ሰኞ ለመጽሔት ሊልኩት ነው። ግራፉ ላይ ስልሳ አራት ጋ ያለችውን ጉብታ «የሞለኪውሉ ስባሪ» ብለዋታል። አይደለችም! የናፍታሊን ክብደት መቶ ሃያ ስምንት። መሣሪያው የሚያሳየው ደግሞ ክብደቱን በጠፋው ኤሌክትሮን ብዛት አካፍሎ ነው። ሁለት ከጠፋበት ስልሳ አራት ላይ ይታያል... ሳይሰበር።
«ማስረጃሽ?»
«አመጣለሁ» አልኩ። ከየት እንደማመጣው እንጃ! ስባሪ ነው ከተባለ የመመረቂያዬ ዋና ምዕራፍ ገደል ገባ።

ነሐሴ 10
ቅዳሜ። አክስቴ አሰለች ከገበያ የገዙትን ገብስ ከጎረቤታችን ከውባንቺ ጋር ተካፈሉ። ዘጠኝ ቁና። አራት፣ አራት... አንድ ተረፈ።
«ለሁለት ነዋ!» አለች ውባንቺ።
አራት ተኩል። ተኩል!
እንዴት እስከዛሬ አልታየኝም? ከናፍታሊኑ ጥቂቱ ከበድ ያለ ካርቦን አለው፤ መቶ ሃያ ዘጠኝ ይመዝናል። ለሁለት ሲካፈል ስልሳ አራት ተኩል! ስባሪዋ ግን የጎደላት አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው። ምንም አይካፈልባትም፤ ተኩል ከየት ታመጣለች? ከላብራቶሪው የላኩልኝ ሠንጠረዥ ሁሉንም ወደ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋል፤ ለዚያ ነው ያላየናት።
ዋናው ፋይል አዲስ አበባ ነው። አብራኝ ለምትሠራው ለሐቢባ ደወልኩ።
«ስልሳ አራት ተኩል ላይ ትንሽዬ ጉብታ ታገኛለሽ።»
«ባላገኝስ?»
«ታገኛለሽ አልኩሽ!»
ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ነሐሴ 11
ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ የለም። ቅዳሴ ላይ ልቤ የት እንደነበር... እግዜር ይቅር ይበለኝ። ትኖራለች። እርግጠኛ ነኝ። ነኝ? ነኝ።

ነሐሴ 12
ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ሐቢባ እየጮኸች። «ወላሂ ቁጭ ብላለች! ያልሽው ቦታ ላይ!»
ለዶክተር ከፋለ ነገርኳቸው። ፋይሉን ራሳቸው ከፍተው አዩት። ከዚያ «ጽሑፉ አይላክም» አሉ። «ይሄን ክፍል አንቺ እንደገና ጻፊው። የመጀመሪያው ስም ያንቺ ይሁን።»
«እሺ» አልኩ። እሺ ብቻ! ስልኩን ዘግቼ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።
ዓይኔን ጠርጌ ስመለስ አባ ልብሱን አጥፈው ሣጥኑ ውስጥ ኳሷን እየጨመሩ ነው።
«ያ የምትደበድቢው ነገር... ተሰበረ?»
«ሁለት ጠፋበት እንጂ አልተሰበረም፣ አባ።»
ሳቁ። ድዳቸው ታየ።
«አላልኩሽም?»