ወይዘሮ ጋዲሴ ፈልገው ያጡት ቦኖ

ጥር 22፣ ሐሙስ

የቅዳሜውን ዜና ዛሬ ጽፌ ጨረስኩ። እንጦጦ ተዳፋት ላይ ላለው ሰፈር የውሃ ቦኖ ሊመረቅለት ነው። «የነዋሪዎች የረጅም ዓመታት ጥያቄ የነበረው የንጹሕ ውሃ ችግር ተፈታ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ… አንዴ ለመንገድ፣ አንዴ ለመብራት። የነዋሪ አስተያየትም ገብቷል፤ «በጣም ደስ ብሎናል» የሚል። ስሙን ክፍት ትቼዋለሁ። ቅዳሜ ከሚሰበሰበው ሰው የአንዷን እሞላለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ወረዳ ኮሙኒኬሽን የሠራሁት እንዲህ ነው። ዜናው አስቀድሞ ይጻፋል፣ ኃላፊው ያየዋል፣ ሪቫኑ ሲቆረጥ ፎቶ ተጨምሮበት የወረዳው ገጽ ላይ ይወጣል። ከሰው ጋር አያጣላም። ከመገናኛ አባዶ ለመግባት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። እህቴ ሃኒ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ተመረቀ። ጠዋት የውሃ ቦቴ መጥቶ ከቦኖው በላይ ያለውን ሮቶ ታንከር ሞላው። ዋናው መስመር ገና አልተገናኘም አሉ። «በሳምንት ውስጥ ይገናኛል» አሉ። ምን አገባኝ… ፎቶው ግን አምሯል። አንዲት እናት፣ ጋዲሴ ይባላሉ፣ ቢጫ ጀሪካን ደቅነው ሲስቁ አነሳኋቸው። ክፍቱ ቦታ ላይ ስማቸውን ሞላሁ። ያላሉትን አሉ ማለት ነው እንግዲህ። ግን እኮ ደስ ብሏቸው ነበር።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ምንም የለም። ስብሰባ። ጉንፋን ይዞኛል።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

የፎቶዋ ሴትዮ ቢሮ ድረስ መጡ። ባዶ ጀሪካን ይዘው። ጥበቃው በር ላይ አስቀምጡት ቢላቸው እምቢ ብለዋል።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«ምኑን?»

«የውሃውን።»

ነኝ አልኩ። ለጠብ የመጡ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ረጋ ብለው… «እንግዲያው የትኛው ቦኖ እንደሆነ ንገሪኝ ልጄ። እኛ ጋ ያለው በማግስቱ ደርቋል። ሌላ የተሠራ ይኖራል ብለን ከሴቶቹ ጋር ፈለግን። እስከ ላይኛው ባሕር ዛፍ ወጣን፣ በታች በኩልም ወረድን። አጣነው።»

ፊታቸውን አየሁ። አሽሙር የለበትም። የምር ነው የሚጠይቁኝ።

ድሮ ሰኞና ዓርብ ቦቴ ይመጣላቸው ነበር። ዜናው ከወጣ ወዲህ ቀርቷል። ቦቴውን ወደሚልኩት ሰዎች ሄደው ቢጠይቁ አንዱ ስልኩን አውጥቶ የገዛ ፎቷቸውን አሳያቸው። «እርስዎ አይደሉም እንዴ የሚስቁት?» ማንበብ አይችሉም፤ እሱ አነበበላቸው። «በጣም ደስ ብሎናል» ማለታቸውን የሰሙት ያኔ ነው። ይህን ያህል ከተጻፈ የሆነ ቦታ ውሃው አለ ብለው አመኑ። አሁን የሚቀዱት ከድሮው ምንጭ ነው። የልጅ ልጃቸው ኤቢሳ፣ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ተቅማጡ አልቆም ብሎታል። ጤና ጣቢያ ሁለቴ ወስደውታል።

ኃላፊውን እጠይቅልዎታለሁ አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

የካቲት 14፣ ዓርብ

ኃላፊዬን አቶ ዘመንፈስቅዱስን ጠየቅኩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ባለፈው ዓመት እናቴ ስትሞት ሦስቱንም ቀን ድንኳን ተቀምጠውልኛል።

«ቦቴው ቢመለስላቸውስ?» አልኳቸው።

«ሥርጉት፣ ቦቴ ከተላከ ቦኖው አይሠራም ማለት ነው። ቦኖው አይሠራም ከተባለ ሪፖርቱ ውሸት ሆነ ማለት ነው። ሪፖርቱ ደግሞ በበላይ አካል ታይቶ አልቋል።»

«መስመሩ እስኪገናኝ ድረስ እኮ ነው…»

«ተይው በቃ።»

ተውኩት። ውሃ የማይሄድላቸው እኔ በጻፍኩት ምክንያት ነው። ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ። ስኳሩን ረስቼዋለሁ፤ እስክጨርሰው አላወቅኩም።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጋዜጠኛ ደወለ። ሰላሙ ይባላል። ማክሰኞ ማክሰኞ ኤፍ ኤም ላይ የሰፈር ሰው ቅሬታ የሚሰማበት ፕሮግራም አለው። ወይዘሮ ጋዲሴ ደውለውለት ተራራው ድረስ ወጥቶ ሴቶቹን ቀርጿል። የወረዳውን ምላሽ ይፈልጋል። አቶ ዘመንፈስቅዱስ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ የለንም በይ።

«ምላሽ የለንም» አልኩት።

«ወይዘሮ ሥርጉት፣ የእናንተ ገጽ ውሃ አለ ይላል። እኔ የሴቶቹን ድምፅ ብቻ ባስተላልፍ ሐሰተኛ መረጃ አሰራጨህ ተብዬ እጠየቃለሁ። ጣቢያውም አይፈቅድልኝም። ከውስጥ አንድ ሰው በስሙ ካልተናገረ እዚሁ ቀረ ማለት ነው።»

ይቅርታ ብዬ ዘጋሁት።

የሰፈሩ የሃምሳ አባወራ ቃል ከእኔ ከአንዷ ዓረፍተ ነገር ያንሳል? ያቺን ዓረፍተ ነገር ስጽፋት እኮ ምሳ እየበላሁ ነበር።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

አሞኛል ብዬ ቀረሁና ወደ ሰፈሩ ወጣሁ። ቦኖው ደረቅ ነው። ቧንቧው አፍ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ወይዘሮ ጋዲሴ ወደ ምንጩ ይዘውኝ ወረዱ። ውሃው ደፍርሷል፤ በነጠላ ጫፍ እያጠለሉ ነው የሚቀዱት። ኤቢሳን አዝለውታል። ዓይኑ ጎድጉዷል። ጉንጩን ነካሁት፤ አላለቀሰም፣ ዞሮም አላየኝም። ይህን ያህል ልጅ እንግዳ ሲነካው ማልቀስ ነበረበት።

«ሃያ ዓመት ከዚህ ጫካ እንጨት ተሸክሜ ፈረንሳይ ሰፈር ወርጃለሁ» አሉኝ። «ወገቤ የተቆረጠው እዚህ ነው። አንድ ቀን እንኳን ስሜ ተጽፎ አያውቅም። አንዴ ተጻፈ… እሱም ውሃዬን አስቀረብኝ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ለሰላሙ ደወልኩ። ሃኒ «አንቺ ሰው አብደሻል? እንጀራሽ እኮ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። ልክ ናት። የቤቱን ኪራይ ከእኔ በላይ የምታስበው እሷ ናት።

ኮተቤ አንድ ሻይ ቤት ጓሮ ተገናኘን። የተናገርኩት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ስሜ። ሥራዬ። ዜናውን ከምረቃው ሁለት ቀን ቀድሜ መጻፌ። ሮቶው በቦቴ መሞላቱ። ወይዘሮ ጋዲሴ አሉ የተባለውን አለማለታቸው። ሁለት ቦታ ተደነቃቀፍኩ።

«እንደገና እንቅዳው?» አለኝ።

«ተወው። እንደዚሁ ይሂድ።»

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ተላለፈ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ሾፌሩ ድምፁን ጨመረው። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት «ወይ ጉድ! እኛ ሰፈር ያለው መብራት እኮ እንዲሁ ነው፤ ተመርቆ ጨለማ» አለች። ማን መሆኔን አላወቀችም። ካራ ጋ ወረደች።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ቦቴው መጣ! ወይዘሮ ጋዲሴ ደውለው ስልኩን ወደ ወረፋው ዘረጉልኝ። ጀሪካን ይንኳኳል፣ ሴቶች ይጨቃጨቃሉ፣ አንዷ ተራዬ ነው እያለች ትምላለች።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

ኃላፊውን በመጠየቅ አልሆነ፣ በእግር ተመላልሰው አልሆነ። ሬዲዮ ላይ ከወጣ በሦስተኛው ቀን ሆነ። መሥሪያ ቤት ግን ማንም አያናግረኝም። ምሳ ብቻዬን በላሁ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ደብዳቤው «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል። ጻፊ ብባል እኔም እንዲሁ ነበር የምጽፈው። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ሲሰጡኝ ዓይኔን አላዩም። አዲሱ ክፍል አቧራ ነው፤ መስኮቱ በመደርደሪያ ተሸፍኗል። ሃኒ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ ዛሬ ደግሞ የአቧራ መከላከያ ማስክ ገዝታ ቦርሳዬ ውስጥ ከታዋለች።

ኤቢሳ ተሽሎታል። ዶሮ ሲያባርር ወድቆ ጉልበቱን ልጧል አሉኝ። በስልክ ሳቅን።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

በሰዓቱ ሬዲዮ ከፈትኩ። ዘፈን። ጠበቅኩ፤ አሁንም ዘፈን። ለሰላሙ ደወልኩለት።

«የፕሮግራም ለውጥ ተደርጓል አሉኝ።»

«ማን?»

«እኔ እንጃ። ወረቀቱ ላይ ፊርማ እንጂ ምክንያት የለም።»

«አንተስ?»

«ስፖርት ላይ መደቡኝ። ኳስ አልወድም ብላቸው ትለምደዋለህ ተባልኩ።»

ሳቀ። ከዘጠኝ ሰፈር ሰዎች ጋር ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ ማን ይደውልላቸው?

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ከፋሲካ ወዲህ ቦቴው ሦስት ጊዜ ቀርቷል።

ወይዘሮ ጋዲሴ ሁለት ጎረቤት አስከትለው መዝገብ ቤት ድረስ መጡ። ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ ሦስቱም የፋይል ካርቶን ላይ ተቀመጡ። «ማክሰኞ ማክሰኞ ሬዲዮ እንከፍታለን፤ ልጁ የለም። ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ፕሮግራሙ መቋረጡን ነገርኳቸው። መቼ እንደሆነ ጠየቁ። መጋቢት ሃያ ሦስት አልኩ። ቦቴው መጀመሪያ የቀረው የፋሲካ ማግስት ነው። በጣታቸው ቆጠሩ። አንዴ ተሳስተው እንደገና ጀመሩ።

«ሃያ ቀን» አሉ። «የሚሰማ ሰው ከጠፋ በኋላ የፈሩን ሃያ ቀን ብቻ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«በይ አንቺ ጻፊልን» አሉኝ።

«እኔ እኮ አሁን ዜና አልጽፍም። ብጽፈውስ ማን ያወጣልኛል?»

«የሚያወጣው ሲገኝ ይውጣ። እስከዚያ አለመጻፉ ምን ይጠቅመናል?»

ሌላ ወረቀት አልነበረኝም፤ አንድ አሮጌ ቅጽ ገልብጬ ጀርባውን አዘጋጀሁ። እስክሪብቶ አነሳሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር። እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

«እሺ፣ እርስዎ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ከየት ልጀምር?»

«ቦቴው ከቀረበት ቀን።»