የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ስለማስረከብ

ለተከበሩ የሳይንስ ኮሌጁ ዲን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ የተሟላ፣ ስብሰባዎ አጭር፣ ኢንተርኔትዎም የማይቆራረጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራውን ዕቃ የማጥብ፣ የማደራጅና ተማሪ ጣቱን እንዳያቃጥል የምጮኽ ቴክኒሻን ነኝ። ከእንግዲህ ሙከራው ሁሉ በኮምፒውተር ስለሚሠራ ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን በሦስት ቀን ውስጥ እንዳስረክብ የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ከዚያ በፊት ግን ምስጋናዬን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ብዬ ይህችን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌያለሁ።

1ኛ. ቨርቹዋል የሚሉት የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ስብራትን ጨርሶ ስላጠፋልን አመሰግናለሁ። ድሮ በየወሰነ ትምህርቱ አርባ የሙከራ ቱቦ ይሰበር ነበር፤ ዘንድሮ አንድም የለም፣ መጥረጊያዬም አርፋለች። ውጤቱም ቢሆን የሚያስቀና ነው፤ ስድሳ ሁለቱም ተማሪዎች አሲድ ሲለኩ እኩል 24.6 ሚሊ ሊትር አግኝተዋል። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሮቹ ሲያንቀላፉ በዋሉበት ማክሰኞ እንኳ ስድሳ ሁለት ሪፖርት ገብቷል፤ ሁሉም ላይ 24.6። እኔ ስለካ አንድ ቀን 24.6፣ በማግስቱ 24.9 ስለሚመጣብኝ በራሴ አፍሬያለሁ።

2ኛ. አፍንጫችንን ስላሳረፉልን እግዜር ይስጥልን። የአሞኒያ ጠርሙስ ሲከፈት ዓይን ያስለቅስ ነበር፤ አሁን በስክሪኑ ጥግ አፍንጫውን የያዘ ትንሽ ሰው ብቅ ብሎ ይጠፋል። አንድ ትጉህ ተማሪ «ሽታውን በግልጽ አይቻለሁ» ብሎ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ተሰጥቶታል።

3ኛ. ይህን ስጽፍ ሳቄ ትንሽ ይቀንሳል። ከተመራቂዎቹ መካከል ሳቂታዋ የምንላት ልጅ አለች፤ በቨርቹዋሉ ከመቶ መቶ ያመጣች ናት። ለሥራ ልምምድ ወደ ከተማው ውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ስትሄድ ኃላፊው ፒፔት፣ ማለትም ፈሳሽ መሳቢያውን ቀጭን የመስታወት ቱቦ፣ አቀበላት። ተቀብላ አገላብጣ አየችውና በትሕትና «የቱ ጋ ነው የሚጫነው?» ብላ ጠየቀች። ሰዉ ሳቀ፤ እሷም ልማዷ ነውና አብራ ሳቀች። እኔ ዘንድ መጥታ ግን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ልጅቱ ሰነፍ አይደለችም፤ ዕቃውን ያላስነካናት እኛው ነን፣ ይህም አንጀቴን ያቃጥለዋል። ኃላፊው ደግ ሰው ሆኖ እጇን አፍታታ በሁለት ሳምንት እንድትመለስ ፈቅዶላታል፤ ያኔ ካልቻለች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

4ኛ. የሚዘጋው ክፍል ለቨርቹዋል ቤተ ሙከራ ኮሚቴው መሰብሰቢያ እንዲሆን መወሰኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ኮሚቴው የሚጨበጥ ወንበርና የሚጠጣ ውኃ እንደሚያስፈልገው ማወቄ ተስፋ ሰጥቶኛል።

ክቡር ሆይ፣ ስክሪኑን እንደጠላሁ አይቁጠሩብኝ። አምና ጠዋት በስክሪን ተለማምደው ከሰዓት በእጃቸው የሠሩት ጥቂት ተማሪዎች ከሁሉም ያነሰ የሰበሩ ነበሩ፤ ዕድሉ ለሳቂታዋ ክፍል ሳይደርስ ቀረ እንጂ። የምለምንዎት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ሳቂታዋና ጓደኞቿ መስታወቱን በእጃቸው ይዘው፣ ትንሽ ሰባብረው፣ 24.9 አግኝተው እንዲደነግጡ ይፍቀዱላቸው።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ የጎማ ጓንቴን ገና ያላወለቅሁ ታዛዥዎ፣
የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው ቴክኒሻን

ማስታወሻ፦ ትእዛዝዎን አክብሬ ቁልፉን ዛሬ ጠዋት አስረክቤያለሁ። ከፊትም ከኋላም ጥርት አድርጌ ፎቶ አንስቼ በኢሜይል ልኬልዎታለሁ። በሩ ጋ ቆመው ምስሉን ሁለት ጊዜ ጫን ጫን ቢያደርጉት ይከፈታል። እምቢ ካለዎት ግን ያንኳኩ፤ ሳቂታዋ ፒፔቷን ስታስቀምጥ መጥታ ትከፍትልዎታለች።