ጥንድ ጥንድ የተሰፉት ልብሶች

ኪርዩ፣ እሑድ ዲሴምበር 8 ቀን 2024

ለምወድሽ እታለም ሳዎኮ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከአካጊ ተራራ ከሚወርደው ደረቅ ነፋስ በቀር ደህና ነኝ። እናንተ በደቡቡ ደሴት በኢሺጋኪ ያላችሁት አሁንም እጅጌ አጭር ለብሳችሁ እንደምትወጡ አውቃለሁ። እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ እግሬን ማሞቂያው አጠገብ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። ልደውልልሽ ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስቼ ተውኩት። በስልክ ብነግርሽ አንቺ ዝም ትያለሽ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ስለ አየሩ አውርተን እንዘጋለን። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን። ከሥራ ስትመለሺ ሳይሆን፣ ዕረፍት ባለሽ ቀን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

«አሁንም ያንን ሳልባጅሽን ትቸረችሪያለሽ?» ብለሽ ትስቂ ይሆናል። እቸረችራለሁ። አምና ከሽመና አዳራሹ እኩሌታውን ተከራይቻለሁ፤ ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነው፣ ልጆች ሆነን ድንጋይ የምንወረውርበት። መስኮቶቹ ሁሉ ወደ ሰሜን ነው የሚያዩት። ለሸማኔዎች ተብሎ የገባው ብርሃን ለፎቶ እንዴት እንደሚመች ብታዪ! የጨርቁ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ልብሱን አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ራሴ ለብሼ ፎቶ ተነሥቼ ኢንተርኔት ላይ አወጣለሁ። የስልሳዎቹን የሱፍ ጉርድ ከወንድ ክራቫት ጋር፣ የአያት ካፖርትን ከስፖርት ጫማ ጋር ሳዋህደው ሰው ይወድልኛል። ከፎቶው ሥር የራሴን ልክ በሙሉ እጽፋለሁ፤ ቁመት፣ ደረት፣ ወገብ፣ «የግራ ትከሻዬ ሁለት ሴንቲ ዝቅ ስለሚል እጅጌው ረዝሞ ቢታይ አትደናገጡ» እስከሚለው ድረስ። ይሄን ልብ በይልኝ፤ ልኬ ለዓለም ሁሉ የተገለጠ ነው። መጀመሪያ ላይ ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነበር።

በኖቬምበር መጀመሪያ ጋሽ ኦጊኖ መጡ። ሰው ሲሞት ቤቱን ባዶ የሚያደርጉት፣ ዕቃውን ለእኛ ለነጋዴዎቹ የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ ናቸው። ዐሥራ አንድ ካርቶን ከመኪናቸው አወረዱ።

«ዛሬስ ሳትከራከሪኝ ትወስጂዋለሽ» አሉኝ።

«ባለፈውም እንዲሁ ብለው ብል የበላው ካፖርት ነው የሸጡልኝ።»

«ይሄን ብል አልነካውም። ሰውም አልነካው። አንድ ቀን እንኳ አልተለበሰም!»

ከሚናካሚ ከተማ በላይ ካለች የተራራ መንደር ነው የመጣው። ብቻዋን የምትኖር ሴት በኤፕሪል ሞታ፣ ወራሽ ጠፍቶ፣ ቤቱ ሊፈርስ ነው። ስሟን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በእኛ ሥራ የሟች ስም አይጠየቅም፤ ከጠየቅሽ ልብሱን መሸጥ ያቅትሻል።

ከፈትኩት። እያንዳንዱ ጥቅል በስስ ወረቀት ተሸፍኖ ዓመተ ምሕረት በእርሳስ ተጽፎበታል። በየጥቅሉ ከአንድ ጨርቅ የተሰፉ ሁለት ልብሶች አሉ፤ አንድ ተለቅ ያለ፣ አንድ አነስ ያለ። በእጅ የተሰፋ፣ ሱቅ ቢገባ ማንም የማያምነው ጥራት ያለው ስፌት። ልብስ ሰፊ ለጊዜው የሚይዝበት ነጭ ክር ገና አልተመዘዘም። ከታች ያሉት የሕፃን ቀሚሶች ነበሩ፤ ወደ ላይ ስትሄጂ ልብሶቹ ያድጋሉ። ያን ጊዜ አልከበደኝም። «ሁለት ልጆች የነበሯት እናት ናት» ብዬ የልጆቹን ቀሚሶች ከነጭ ሹራብና ከቀይ የእግር ሹራብ ጋር አዋህጄ አወጣኋቸው። ዐሥራ አራቱም በሁለት ቀን ውስጥ አለቁ። ደስ ብሎኝ አይስክሬም በላሁ፤ በኖቬምበር!

ከዚያ «2009» የሚለውን ጠቆር ያለ ሰማያዊ የሱፍ ቀሚስ ለፎቶ ለበስኩት።

እታለም፣ የድሮ ልብስ በሰው ገላ ላይ ልክ አይሆንም። ከኋላ በመቆንጠጫ ተይዞ፣ በመርፌ ቁልፍ ተሰብስቦ ነው ፎቶ ላይ የሚያምረው። በዐሥራ አንድ ዓመት ሥራ ያለ መቆንጠጫ የቆምኩበት ልብስ የለም። ይሄኛው ግን ገባና ቆመ። ቀበቶ ባስርበት አበላሸው፤ ጌጥ ባደርግበት አላስፈለገውም። መስታወቱ ውስጥ ሁለቱም ትከሻዎቼ እኩል ነበሩ። ከዐሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ፣ ከፒር ዛፉ ላይ ወድቄ ከተሰበርኩ ወዲህ፣ እኩል ሆነው አይቻቸው አላውቅም። አወለቅኩና ገበሩን ገለበጥኩት። በግራ ትከሻው ላይ ጥጥ ተጨምሯል፤ ሁለት ሴንቲ። የ2010ሩን፣ የ2003ቱን፣ የ1998ቱን ፈታሁ። ሁሉም ላይ አለ። ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ሄድኩ። ጥጡ የጠፋው በ1991ዱ ቀሚስ ላይ ነው። እኔ የወደቅኩት በ1992 መጸው ላይ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከማትሱዬ ከተማ ናጊሳ የምትባል ደንበኛ መልእክት ላከችልኝ። የሰናፍጭ ቀለም ያለውን ቀሚስ ለልጇ የገዛችው ናት። «ኪሱ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ፤ ስሙ ከእርስዎ ስም ጋር አንድ ስለሆነ ገረመኝ» ብላ ፎቶ አንሥታ ልካለች። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፦

«ኮዙዬ፣ ስድስት ዓመት። ቁመት 112። አንገቷን የሚኮሰኩሳት ነገር አትወድም፤ ገበሩ እስከ ላይ ይምጣ። ሳዎኮ እንደጻፈችው።»

በኤፕሪል የሞተችው ሴት ማን እንደነበረች ያኔ ገባኝ።

አባባ እማዬ ሆስፒታል ሞተች ሲለን እኔ አምስት ዓመቴ፣ አንቺ ዐሥር ነበርሽ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሟች እንደሚደረገው በየጠዋቱ ፎቶዋ ፊት ሩዝ አስቀምጫለሁ። ሩዙ ትኩስ እንዲሆን እየተሻማሁ! አንቺ አንድ ቀን እንኳ አስቀምጠሽ አታውቂም። አባባ ሲቆጣሽ «እኔ አልፈልግም» ብቻ ትይ ነበር፤ እኔም ልበ ደንዳና ትመስይኝ ነበር። በየአዲስ ዓመቱ ማግስት በር ዘግተሽ ስትለኪኝስ? «ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ለዩኒፎርም ነው» ትይኛለሽ። ዩኒፎርሜን ሁልጊዜ የምገዛው ከሱቅ ነበር፤ ያውም ሰፊ።

አልተቆጣሁሽም። ይሄን ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብሽ በፊት እወቂልኝ።

ለናጊሳ ደወልኩላት። ቀሚሱን ብትመልስልኝ በምትኩ የፈለገችውን እንደምልክላት ነገርኳት። መልካም ሴት ናት፤ ግን ከድምፅዋ ቅር ያላት መሰለኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጄ አላወልቅም ብላለች» አለች። «ስትተኛም ለብሳው ነው። ‹ለእኔ ነው የተሰፋው› ትላለች። ‹ማን ነገረሽ?› ስላት ወገቧን እያሳየችኝ ‹እዚህ ጋ ይዛኛለች› አለችኝ።»

«ማን?»

«እኔም እሱን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። አስፈርቷት ቢሆን ወዲያው በላክሁልዎ ነበር። ግን ደስ ብሏታል» አለች።

«ይሁንላት» አልኩ። ምን እላለሁ? ቢያንስ አንዱ ተለበሰ።

ባለፈው ማክሰኞ ጋሽ ኦጊኖን አስቸግሬ ወደ መንደሩ ወሰዱኝ። ቤቱ ሊፈርስ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። በረዶ ጀምሯል፤ ግን ቀትር ነው፣ ፀሐይ አለ። ጋሽ ኦጊኖ ቁልፉን ሲፈልጉ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ቆሜ ሳለሁ፣ ከጎረቤት አካፋ የያዙ አሮጊት ጠሩኝ።

«ታናሿ! መጣሽ እንዴ?»

ዞርኩ። ቶኪዬ ይባላሉ። በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም።

«ያውቁኛል እማማ?»

«ትከሻሽን ነዋ! ስንት ዓመት መስኮት ላይ ያየሁትን ትከሻ ዛሬ ላጣው ነው? ፊትሽ እንደዚህ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።» ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ተዉትና ቀረብ አሉኝ። «ታላቅሽስ? ተሻላት?»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳይገባኝ «ደህና ናት» አልኳቸው።

«ተመስገን። እናትሽ ክረምቱን ሙሉ ስታለቅስ በግድግዳው እሰማት ነበር። ‹ልብሱን ላኪላቸው እንጂ አንቺ ሴት!› ብላት ‹ከሞተች ሴት ልብስ ሲላክ ልጅ አይደነግጥም?› ትለኛለች። ቃል ገብቻለሁ ትል ነበር። ለማን እንደሆነ አልነገረችኝም።»

ገባን። ዕቃው ሁሉ ወጥቶ ቤቱ ባዶ ነው። በመንገድ በኩል ባለው ክፍል ውስጥ ግን ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ቆመዋል። ጮህኩ። ጋሽ ኦጊኖ ክንዴን ያዙኝ።

«እነዚህን መውሰድ አልቻልኩም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁለቴ ላነሣቸው ሞክሬ ነበር። ሰው ከቤቱ የማስወጣ መሰለኝ።»

ልብስ ሰፊዎች የሚለኩባቸው፣ ራስና እጅ የሌላቸው የጨርቅ ገላዎች ናቸው። ከሱቅ የተገዙ ናቸው፤ ግን በላያቸው ላይ በየዓመቱ ጥጥ እየተጨመረ፣ ጨርቅ እየተሰፋ ሰው ሆነዋል። አነስ ያለው እኔ ነኝ። የግራ ትከሻው ዝቅ ብሏል። ከአርባ ዓመቴ በኋላ ወገቤ ላይ የመጣው ውፍረት እንኳ አለ። እጄን ሆዱ ላይ ሳደርግ የራሴን ሆድ የነካሁ ያህል ደነገጥኩ።

ከዚያ ወደ አንቺ ዞርኩ።

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ረጅሙ ገላ ላይ የግራ ደረቱ የለም። ጥጡ ወጥቶ፣ ቦታው ተደልድሎ፣ በላዩ ላይ ስስ ሐር ተሰፍቷል። ስፌቱ ከልብሶቹ ሁሉ የበለጠ ጥቃቅን ነው፤ የሚያም ቦታ ላይ እንደሚሰፋ ሰው እየተጠነቀቀች ነው የሠራችው። አንገቱ ላይ ወረቀቶች በመርፌ ተይዘዋል። «2021፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ። ከፊት የሚከፈት ብቻ።» «2023፣ አራት ሴንቲ ቀንሳለች።» «2024፣ እንደገና ቀንሳለች።»

በ2021 በጋ ላይ እመጣለሁ ስልሽ «ዘንድሮ አውሎ ነፋሱ ከባድ ነው፣ አትምጪ» ያልሽኝ ለዚህ ነበር።

ከግድግዳው ጋር የተሠራ መሳቢያ ውስጥ ደብዳቤዎችሽን አገኘሁ፤ በዓመት በዓመት ታስረው። ፖስታው ላይ ጽሕፈትሽ ከልጅ ጽሕፈት ወደ ሴት ጽሕፈት ሲያድግ አየሁት። አንዱንም አልከፈትኩም። ለእኔ የተጻፉ አይደሉም። ይዤልሽ እመጣለሁ።

ሁለቱን ገላዎች ወደ አዳራሹ አመጣኋቸው። ጋሽ ኦጊኖ በመንገድ ላይ የመኪናውን ማሞቂያ ከኋላ ላሉት እንዲደርስ ከፍ አደረጉት። አሁን በሰሜኑ ብርሃን ሥር ጎን ለጎን ቆመዋል። መጀመሪያ ወደ መንገዱ አዙሬያቸው ነበር፤ አላፊ አግዳሚው በመስኮቱ እያየ ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለት ሲጀምር ወደ ውስጥ አዞርኳቸው። እስከ አዲሱ ዓመት ድረስ ሱቁን ዘግቻለሁ። የቀሩትን ልብሶች አልሸጥም። ያንቺ ሁሉ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል።

አንድ ነገር ቀረኝ። የመጨረሻው ካርቶን ሥር «2025» የሚል ጥቅል ነበር። ከመሞቷ በፊት ለመጪው ዓመት የሰፋችው መሆን አለበት። ስፈታው አንድ ቀሚስ ብቻ አገኘሁ፤ በእኔ ልክ የተሰፋ። በዚያ ሁሉ ዓመት ነጠላ ሆኖ የተጠቀለለ ልብስ ይሄ ብቻ ነው። ዕድሜ አልበቃትም ይሆናል። እጇ ደክሞም ይሆናል። ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል ብዬ ግን አንድ ሙሉ ቀን ምግብ አልበላሁም። በማግስቱ ወረቀቱን ልጥል ሳነሣው ከሥሩ ተጠቅልሎ የቀረ ጨርቅ አገኘሁ፤ ያው አረንጓዴ ሱፍ፣ ለአንቺ የሚበቃ።

ትናንት ቆረጥኩት። እጄ እንደ እሷ እጅ አይደለም፤ አንገቱን ሁለቴ አበላሽቼ ፈታሁት። ከፊት የሚከፈት ነው። ዛሬ እጅጌውን እጨርሳለሁ።

ለዲሴምበር ሃያ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጫለሁ። አውሎ ነፋስ እንዳትይኝ፣ ወቅቱ አይደለም። አውሮፕላን ጣቢያ መጥተሽ አትድከሚ፤ ቤቱን እጠይቃለሁ። ለምን ለእሷ ነግረሽ ለእኔ እንዳልነገርሽኝም አልጠይቅሽም። ይሄ ደብዳቤ እንደደረሰሽ አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ፤ የሐኪም ቀጠሮሽ የትኛው ቀን እንደሆነ። አብሬሽ እገባለሁ። የሚሉሽን ሁለታችንም እንሰማለን።

ምግብ አስገድደሽም ቢሆን ብዪ። ባሕሩ ዳር ረጅም ሰዓት አትቁሚ። እኔ እስክደርስ ድረስ ቀንሽ ቀላል፣ እንቅልፍሽ ሰላም ይሁንልሽ። ሕመሙ ይራቅሽ፤ መጪው ዓመት በሙሉ ያንቺም ይሁን።

የምትወድሽ ታናሽሽ፣
ኮዙዬ