ሦስተኛው መጋዘን በደረቁ እንዳይጠረግ

ቀን፦ ሰኔ 4

ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከመጋዘን አይጦች የተነሳው በሽታ ወደ ሕዝብ ከመዛመቱ በፊት አስቸኳይ እርምጃ እንዲወሰድ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በእህል መጋዘኑ ጆንያ ሰፊ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ እዚያው ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ኩንታል ተሸክሞ ወሬ ስለሚያወራ «ክሬኑ» እንለው ነበር። ለወራት ተዘግቶ የከረመው ሦስተኛው መጋዘን ለቁጥጥር ሲከፈት ወለሉ በአይጥ ኩስ ጠቁሮ አገኘነው። በእኛ ዘንድ እህል ካለበት ውኃ አይገባም። አለቃችንም ጠብታ ውኃ እንዳላይ፣ በደረቁ ጥረጉ አሉ። ወንድሜ አፉን እንኳ ሳይሸፍን ጠረገ፤ አቧራው በበሩ እንደ ጭስ ይወጣ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ መጥተው ንጽሕናውን አመስግነው ሄዱ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ትኩሳት ያዘው። ወገቤን አለ፣ ዓይኑ ቀላ፣ ሽንት እምቢ አለው። ጤና ጣቢያው ብርድ ነው ብሎ ኪኒን ሰጥቶ ሸኘው። እሱም ብርድ ከጣለኝማ ስሜን ቀይሩልኝ እያለ ሲያስቀን ነበር። በሳምንቱ ቀበርነው።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ የመጋዘን ሠራተኞች ጣጣ ነው ሊባል ይችላል። ሚስቱ ግን ፀጉር ሠሪ ናት፤ በመጋዘኑ ደጅ እንኳ አልፋ አታውቅም። ላቡን የጠረገችው፣ ትውከቱን የደፋችው እሷ ናት። አሁን እሷም ወገቧን ይዛለች፣ ዓይኗ ደም መስሏል። ይህ በሽታ ከእንግዲህ አይጥ አያስፈልገውም ብዬ ፈራሁ። እሷ የተኛችው በጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ፣ ከሌሎች ሕሙማን ጋር ፍራሽ ለፍራሽ ተነካክታ ነው። ጠያቂ ይመጣል፣ ይስማታል፣ ከዚያ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ አገሩ ይሄዳል። ይህን ለሐኪሙ ብነግረው፣ አይጥ በየቤቱ አለ፣ ታዲያ ማን ሞተ ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፣ በየቤቱ አለ። እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው።

ስለሆነም የወንድሜ ሚስት ለብቻዋ ክፍል እንድትተኛና ደሟ እንዲመረመር፣ አስታማሚዎቿም መከላከያ እንዲያገኙ፣ መጋዘኑ ታሽጎ ጆንያዎቹ ወደ ሌላ ከተማ እንዳይጫኑ ትእዛዝ እንዲሰጡልን በትሕትና እለምናለሁ። መጥረግ የግድ ከሆነ ወለሉ በበረኪና ውኃ ይርጠብ። እህሉ ቢበላሽ ይበላሽ፣ ሰው ይትረፍ።

በአካል ቀርቤ ማስረዳት ሲገባኝ መቅረቴን ከንቀት አይቁጠሩብኝ። እሷን ሳስታምም ሰንብቼ ከትናንት ጀምሮ እኔንም አተኩሶኛል፣ ወገቤንም ይቆርጠኛል። በሬን ዘግቻለሁ። ይህን የጻፈችልኝ ከመስኮቱ ራቅ ብላ የቆመችው ጎረቤቴ ናት። ወረቀቱን እኔ አልነካሁትም፤ ሳይሰጉ ይያዙት። ፊርማዬ የሌለበትም ለዚሁ ነው።

ከሩቅ ሰላምታ ጋር

ጆንያ ሰፊዋ
(ስለ እርሷ፦ ጎረቤቷ)