ለሰናይት የጎዘጎዝኩት ቄጤማ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018

ዛሬ እህቴ ሰናይት ከሆስፒታል ወጣች። ደስ እንዲላት ብዬ ቤቱን ቄጤማ ጎዘጎዝኩበት። ትናንት ከመካኒሳ አቦ ገዝቼ በፌስታል አስሬ ያሳደርኩት ነው። ስፈታው ሻጋታ ሻጋታ ይሸት ነበር። ቢሆንም በተንኩት።

በሩ ላይ እንደደረሰች ማስኳን በእጇ አጥብቃ ይዛ ወደ ደረጃው ተመለሰች።

«ወንድምዬ፣ ልትድረኝ ነው ልትቀብረኝ?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ለሁለታችንም አስረድቶን ነበር። የሻጋታ ዘር ከአየር ጋር የሁላችንም ሳንባ ይገባል፤ ነጭ የደም ሴሎች ከበው ይውጡታል። እኔ የሰማሁት እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ይህን የመዋጥ ነገር እየጻፍኩት ባለው ልብ ወለድ ውስጥ የት እንደማስገባው እያሰብኩ ራሴን እነቀንቅ ነበር። «ገብቶኛል» ብዬም መለስኩ።

የቀረውን ዛሬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እሷ ነገረችኝ። የካንሰሩ መድኃኒት ነጭ ሴሎቿን አመናምኗቸዋል። ዘሩን የሚውጥ ሴል ከጠፋ እዚያው ሳንባዋ ውስጥ ይበቅላል። እርጥብ ሣር አጠገቧ እንዳይደርስ ተብሎ ነበር።

መጥረጊያ ሳነሳ «ኧረ አትጥረገው፣ ይቦንብኛል! በእርጥብ ጨርቅ ልቀመው» ብላ ጮኸች። ተንበርክኬ እስከ መጨረሻው ለቀምኩ።

አሁን ተኝታለች። ትኩሳት ከያዛት ወዲያው ሆስፒታል እንድወስዳት ታዟል። ይህንንም የነገረችኝ እሷ ናት። ግንባሯ እስካሁን ቀዝቃዛ ነው። ቅድም ግን በግድግዳው በኩል አንድ ጊዜ ስታስል ሰማሁ። እየጻፍኩ ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ነው።