በቀን ሦስት ጊዜ «አልፎ አልፎ»

ለተከበሩ የፋብሪካችን የስሌትና ፍተሻ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በቢሮዎ መስኮት ላይ ለደረደሯቸው አበቦች ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ የእንፋሎት ቧንቧ ገጣሚዎች አለቃ ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ፣ የላኩልኝን አሥራ አንድ ገጽ ስሌት ሦስት ቀን ሙሉ ሳነበው የሰነበትኩት እርስዎን ተጠራጥሬ ሳይሆን ዘገምተኛ ሆኜ መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለሚያነቡት ሁሉ ነገሩ ግልጽ እንዲሆን፦ ወደ ማቅለሚያ ክፍል የሚሄደው የእንፋሎት ቧንቧ ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ በሚፈርምበት ኮሪደር አናት ላይ ያልፋል። እዚያው ላይ ሁለት የቧንቧ ጫፎች በፍላንጅ፣ ማለትም ስምንት ቡሎን አጥብቆ በያዛቸው ሁለት ክብ ብረቶች ተገናኝተዋል፤ በመካከላቸው እንፋሎቱ እንዳያመልጥ የሚይዝ ጋስኬት አለ። ይህ መገጣጠሚያ ላብ ላብ ማለት ከጀመረ አምስት ሳምንት ሆነው። አራት ጊዜ አጠበቅነው። ቧንቧን በጆሮው ስለሚመረምር «ዶክተር» የምንለው ባልደረባዬ በአራተኛው ጊዜ መፍቻውን መሬት አስቀምጦ «አለቃ፣ ይሄ እኮ ከእኛ እጅ ወጥቷል» አለኝ። እኔም ጽፌ አመለከትኩ። እርስዎ ደግሞ መገጣጠሚያው በስሌት አስተማማኝ መሆኑን ገልጸው፣ አጥብቀን «ደህና ነው» ብዬ እስከ ሰኞ እንድፈርም አዘዙኝ። ስለ ፈጣን መልስዎ እያመሰገንኩ፣ ሳልፈርም የቀረሁበትን ምክንያት በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. መገጣጠሚያው የሚችለው ግፊት አሥራ አራት ባር ነው። በቧንቧው ውስጥ አሥር አለ። ግፊት ሲበዛ እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚለቀው የደህንነት ቫልቭ ሲከፈት ደግሞ እንፋሎቱ ቧንቧውን ረግጦ ያጎብጠዋል፤ ያንን መጉበጥ ወደ ግፊት ለውጠው ሰባት ባር ብለው ደመሩት፤ አሥራ ሰባት ሆነ። በእኔ ሒሳብ አሥራ ሰባት ከአሥራ አራት ስለሚበልጥ ደንግጬ ነበር። ገጽ ሰባት ላይ ግን ጭነቱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ስለሆነ ሲሶ ታክሎለት አሥራ አራቱ ከአሥራ ስምንት አለፈ። ብረት በእስክሪብቶ ሲወፍር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅምና፣ ስላሳዩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ያ ሲሶ ለቧንቧው የተፈቀደ ቸርነት ነው። ቧንቧ ጎብጦ ይመለሳል። ጋስኬት ግን አንዴ ከተቀጠቀጠ እንደ ነበረ አይሆንም። በአንድ ፈቃድ ሁለቱን ማሳለፍዎ የደግነትዎን ስፋት ያሳያል።

፫ኛ. እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ስሌትዎ «አልፎ አልፎ» ያለው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ቁጥሩን ያገኙትም ከእኛ መዝገብ ነው። እውነቱ ግን ፈረቃ በተለወጠ ቁጥር የማቅለሚያ ጋኖቹ ባንድ ጊዜ ይዘጋሉ፣ እንፋሎቱ መሄጃ ያጣል፣ ቫልቩም ይከፈታል። በቀን ሦስት ጊዜ። መዝገቡ ሁለት ያለው ሥራ ያላስቆመ ነገር ስለማይጻፍበት ነው። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው ሳጠያይቅ እኔው ሆኜ ተገኘሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባለቤቴ ሆስፒታል በተኛችበት ወራት፣ ቶሎ ልደርስላት ስል የመዝገቡ ቅጽ ረዘመብኝና ገጣሚዎቼን «ሥራ ካላስቆመ ተዉት» አልኳቸው። እሷ ዐረፈች፤ ደንቡ ቆየ። በየማለዳው ለጸሎት ቆሜ በደሌን ስቆጥር ይህችን አንድ ቀን እንኳ አንስቻት አላውቅም።

እርስዎ ግን ከወንበርዎ እስከ ኮሪደሩ ያለውን አርባ ሁለት ደረጃ ወርደው ሳያዩ መዝገቤን አመኑ። እንዲህ ያለ አመኔታ ነፍሷን ይማርና ባለቤቴም አልሰጠችኝ።

፬ኛ. ልጄ በማቅለሚያ ክፍል ትሠራለች። ቫልቩ በሚከፈትባት ደቂቃ ከሠላሳ ሰዎች ጋር ከመገጣጠሚያው ሥር ተሰልፋ ትፈርማለች። ትናንት ከሥራ ስትመለስ የጋዋኗ ትከሻ ረጥቦ አይቼ ምን እንደነካት ብጠይቃት «ያንተው ቧንቧ ነዋ አባዬ፤ አይዞህ፣ ለብ ያለ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። መሳቅ አልቻልኩም። እስከ ዛሬ የጠበቀን ፈጣሪ ነው፤ የእሱን ትዕግሥት ግን እንደ ሲሶው በስሌት ላይ መደመር ድፍረት መሰለኝ።

ስለዚህ አልፈርምም። ዛሬ ጠዋት ከመገጣጠሚያው በፊት ያለውን የእንፋሎት መዝጊያ ቫልቭ ዘግቼ የራሴን ጓጉንቸር አንጠልጥዬበታለሁ። ስሌቱ በቀን ሦስት ጊዜ ተብሎ እስኪሠራ፣ ጋስኬቱ እስኪቀየርና የቧንቧውን ርግጫ የሚችል ድጋፍ እስኪቆም ድረስ አልከፍተውም። ማቅለሚያው ቆሟል። የሚገባኝን ቅጣት ራሴን ዝቅ አድርጌ እቀበላለሁ።

የእርምጃዎ ክብደት እንደ ስሌትዎ እንዳይሆን ብቻ እየጸለይኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የእንፋሎት ቧንቧ ገጣሚዎች አለቃ

ከፊርማ በኋላ፦ የዘጠኝ ዓመት ጥፋቴን በመዝገቡ ላይ በእጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ከሥሩ ያለውን መስመር ስሌቱን ላጸደቀው ሰው ባዶ ትቼዋለሁ። እስክሪብቶው በሲባጎ የታሰረ ስለሆነ አይጠፋብዎትም።